ለትንሿ ሐዲድ ፉርጎ መምረጥ፦ የባሕር ዳሩ ሽምብጥ ሰፈር የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት፣ ክረምቱ እንደወጣ

ቤት ውስጥ የምሠራው የሞዴል ባቡር ሰሌዳ ቆሟል። ባሕር ዳር ላይ የእንጨት ሥራ በክረምት አይጀመርም፤ እርጥበቱ ችፑድ ያሳብጣል። አንድ ሙሉ ችፑድ 2.44 በ1.22 ሜትር ነው። በቁመቱ ለሁለት አስቆረጥሁትና 61 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ረጅም ጠረጴዛ ወጣኝ። አንዱ ግማሽ ሳሎን ውስጥ በመስኮቱ ሥር ተዘርግቷል። ሌላው አልጋ ሥር ገብቶ ወረፋውን ይጠብቃል። ሐዲዱ የጃፓኑ ሞዴል ባቡር አምራች የካቶ ዩኒትራክ ነው፤ የኩርባው ራዲየስ 249 ሚሊ ሜትር። ጎታቹ ሎኮሞቲቭ መብራት እስካለ ድረስ ብቻውን ሲዞር ይውላል፤ ምንም አላስቸገረኝም።

አሁን የቀረው ፉርጎ ነው። ወሬው ሁሉ ስለ ጎታቹ ነው፤ ጉልበቱ፣ መብራቱ፣ ድምፁ። ባቡር ከሐዲድ ሲወጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የተጎታቹ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ስለ ፉርጎ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የትኛውን መስመር እንደምሠራ መወሰን ነበረብኝ። ባሕር ዳር ባቡር ደርሶ አያውቅም፤ የኔ መስመር የምኞት ነው። ከሐይቁ ዳር አንድ የጭነት ማራገፊያ፣ ከጀርባው የእህል መጋዘን፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሐዲድ። ጥያቄው አሮጌው ይሁን አዲሱ ነው። አሮጌው የጂቡቲ መስመር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባው ነው። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር። አዲሱ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው ነው፤ ስፋቱ 1435 ሚሊ ሜትር።

ልቤ ያለው አሮጌው ጋ ነው። ሒሳቡ ግን አልፈቀደም። የኔ ሐዲድ ኤን የሚባለው ነው፤ 9 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፣ ልኩ 1 ለ160 ነው። 9 በ160 ሲባዛ 1440 ይሆናል፤ ከአዲሱ መስመር ጋር ያለው ልዩነት አምስት ሚሊ ብቻ። አንድ ሜትር በ160 ሲካፈል ግን 6.25 ነው። አሮጌውን በዚህ ልክ ለመሥራት ሐዲዱን በሙሉ ዜድ በሚባለው፣ ስፋቱ 6.5 ሚሊ ሜትር በሆነው ሐዲድ መቀየር ሊኖርብኝ ነው። ለዚያ ሐዲድ የሚሆን ፉርጎ ማግኘት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አዲሱ ይሁን አልኩ።

በዚሁ አጋጣሚ የድልድዩን ነገርም ለካሁ። የእህቴ ልጅ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ካልሠራን ብሎ ቁም ስቅሌን ሲያሳየኝ ነበር። የመኪና ድልድይ ነው፣ ባቡር አያልፍበትም ብዬ ብነግረውም አይሰማም። ድልድዩ 380 ሜትር ነው፤ በ160 ሲካፈል 2 ሜትር ከ37 ሳንቲም። የኔ ሰሌዳ 2 ሜትር ከ44 ነው። ድልድዩ ሰሌዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይበላዋል። ቁጥሩን ሳሳየው ዝም አለ።

ሁለት ቀን ቆይቶ፣ ማታ

ዛሬ መብራት የለም፤ በሻማ መለካት ብቻ።

የፉርጎ ርዝመት የሚወሰነው በኩርባው ነው። ብዙ ሠሪዎች የሚይዙት ሕግ እንዲህ ይላል፦ ራዲየሱ ከረጅሙ ፉርጎ ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን። 249 ለሦስት 83 ሚሊ ሜትር ነው። በእውነተኛው ዓለም ይህ 13 ሜትር ከምናምን ማለት ነው። ዕድሌ ጥሩ ነው፤ የቻይና ክፍት የጭነት ፉርጎዎች ርዝመታቸው እዚያው አካባቢ ነው። ባለ 40 ጫማው የአሜሪካ ዝግ ፉርጎም 76 ሚሊ ይሆናል፤ ያልፋል። ባለ 50 ጫማው 95 ነው። ከሕጉ ትንሽ ይወጣል፣ ግን ይዞራል፤ መልኩ ነው የሚያስቀይመው። ባለ 89 ጫማው ዝርግ ፉርጎ ደግሞ 170 ሚሊ ነው። እሱን 249 ኩርባ ላይ ማስቀመጥ ተሳቢ መኪናን በሽምብጥ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ማዞር ነው።

ሌላም የሚያታልል ነገር አለ። ሳጥኑ ላይ ኤን ተብሎ የተጻፈ ሁሉ 1 ለ160 አይደለም። የጃፓን የጭነት ፉርጎዎች በዚሁ 9 ሚሊ ሐዲድ ላይ ይሄዳሉ፣ ልካቸው ግን 1 ለ150 ነው። ለብቻቸው ሲታዩ አይታወቅም። ኮንቴይነር ሲጫን ነው ጉዱ የሚወጣው። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር በ160 ሲሆን 76 ሚሊ፣ በ150 ሲሆን 81 ሚሊ ይሆናል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው አንዱ የውሸት እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። የካቶ ኮኪ 106 የሚባለው የኮንቴይነር ፉርጎ አሠራሩ ያስቀናል፤ ጎማው እንደ ቅቤ... ይቅር፣ በጣም ጥሩ ይንከባለላል ልበል። ርዝመቱ ግን ከ13 ሳንቲም በላይ ነው፤ ልኩም ሌላ። ከዝርዝሬ ሰረዝኩት። አዝኛለሁ።

ኅዳር ሚካኤል ሰሞን

ሻንጣው መጣ። ውጭ ያለው የአክስቴ ልጅ ለዘመድ ጥየቃ ሲመጣ ያመጣልኝ ነው። ከአንድ ሱቅ አዲስ ፉርጎ፣ ከሌላ ሻጭ ደግሞ «እንደ አዲስ» የተባለ የተቀላቀለ ያገለገለ ጥቅል ገዝቶልኛል። የጥቅሉን ሻጭ ስም አልጽፍም። ቀለሙ ግን እንከን የለውም፤ ፎቶው ላይም ያ ብቻ ነው የሚታየው።

የመጀመሪያ ሥራዬ ሁሉንም ገልብጦ ማስተኛት ነው። ፉርጎ የሚመረጠው በሆዱ በኩል ነው። የምፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ጎማ፣ ቦጊ (ጎማዎቹን ይዞ ከፉርጎው ሥር የሚዞረው ክፈፍ)፣ ጋንቾ (ፉርጎን ከፉርጎ የሚያያይዘው)። ቀለም፣ ጽሑፍ፣ መሰላል ከዚያ በኋላ ይመጣል። ቀለም ሊቀባ ይችላል። የተጣመመ ቦጊ ግን ተስተካክሎ አያውቅም።

ጎማ። ከጥቅሉ ግማሽ ያህሉ የፕላስቲክ ጎማ አላቸው። የፕላስቲክ ጎማ ቆሻሻ ይይዛል፣ የያዘውንም መልሶ ሐዲዱ ላይ ይለጥፈዋል። የኛ ቤት መንገድ ዳር ነው፤ ባጃጁ ቀኑን ሙሉ አቧራ ያስነሳል። በበጋ መስኮት ከፍቶ የፕላስቲክ ጎማ ማስኬድ ማለት በየሳምንቱ አልኮልና ጥጥ ይዞ መቀመጥ ነው። ብረት ይሻላል፣ አለቀ። (ጎማና ሐዲድ ለማጽዳት ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል በቂ ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የምትጠቀሙ ካላችሁ ከፉርጎው አካል አርቁት፤ ውስጡ ያለው አሴቶን ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል።)

የጎማው ከንፈርም፣ ማለትም ከሐዲዱ ውስጠኛ ጎን ዝቅ ብሎ ጎማውን የሚይዘው ጠርዝ፣ ይታያል። በድሮ የኤን ፉርጎዎች ላይ ከንፈሩ ጥልቅ ነው። ዩኒትራክ ሐዲዱ 2 ሚሊ ያህል ከፍታ ስላለው ያሳልፈዋል። እኔ ግን በማራገፊያው በኩል ቀጭኑን፣ 1.4 ሚሊ ከፍታ ያለውን ሐዲድ መዘርጋት እፈልጋለሁ። በአንዳንዱ ቀጭን ሐዲድ ላይ ጥልቁ ከንፈር የሐዲዱን ማያዣ እየመታ ይንገጫገጫል። ስለዚህ ከአሁኑ አጭር ከንፈር ያለውን እመርጣለሁ።

ከዚያ በካሊፐር የሁለቱን ጎማዎች የውስጥ ለውስጥ ርቀት መለካት። ሰባት ሚሊ ተኩል ገደማ መሆን አለበት። ከጥቅሉ ውስጥ አንዱ ፉርጎ ከፊት ሌላ፣ ከኋላ ሌላ ርቀት ይዞ ተገኘ። እንደዚህ ያለው ቀጥታው ላይ ጨዋ ነው፤ ሐዲዱ ለሁለት የሚከፈልበት ማጠፊያው ጋ ሲደርስ ነው የሚወጣው። አክስሉን በሁለት ጣት ይዞ ጎማውን እያዞሩ ቀስ ብሎ መሳብ ወይም መግፋት ነው። ብረቱ ይስተካከላል። ፕላስቲኩን መጣል ይሻላል።

ማታውን የመንከባለል ፈተና። አንድ ሜትር ቀጥ ያለ ሐዲድ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ አሰርኩ፣ አንዱን ጫፍ በሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ አደረግሁ። ሁለት በመቶ ቁልቁለት መሆኑ ነው። ፉርጎውን ከላይ አስቀምጦ እጅን ማንሳት። ጥሩው ራሱ ይነሳል። መካከለኛው ነካ ሲደረግ ይሄዳል። መጥፎው ተቀምጦ ያያችኋል። የእህቴ ልጅ ይህን ሥራ ወዶታል፤ ፈተና ተቆጣጣሪ ሆኗል። «አክስቴ፣ ይሄኛው ወድቋል» እያለ ይለይልኛል። አንዳንዱ የወደቀው የአክስሉ ጫፍ ቦጊው ውስጥ ስለሚታሽ ነው። የተሳለ የጽሕፈት እርሳስ ዱቄት ትንሽ ጨምሬ ደግመን ሞከርነው፤ የተወሰነው አለፈ። ዘይት አይገባም፤ አቧራ ይሰበስባል።

ቅዳሜ

ሚዛን ፍለጋ ወጣሁ። የኩሽና ሚዛን ለዚህ አይሆንም፤ የምንለየው ሁለትና ሦስት ግራም ነው። የግራም ሚዛን ያለው ወርቅ ቤት ነው። ገበያው አጠገብ የማውቃቸው አንድ አንጥረኛ አሉ። ፉርጎዎቹን በጨርቅ ጠቅልዬ ሄድኩ።

«ምን ይዘሽ መጣሽ ልጄ? የእናትሽን ነው?»

«አይ ጋሼ፣ ባቡር ነው።»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ከዚያ አንዱን አንስተው እንደ አምባር አገላበጡት። «ፕላስቲክ ነው እኮ» አሉ። አዎ፣ ፕላስቲክ ነው። ቢሆንም መዘኑልኝ። እኔ ስጽፍ እሳቸው ቁጥሩን ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ደንበኛ ሲገባ የሚያወራው ስለ ወርቅ እየመሰለው ጆሮውን ይሰጣል።

ክብደት ለምን እንዲህ አስጨነቀኝ? ባቡሩ ኩርባ ላይ ሲጎተት ጉልበቱ ፉርጎዎቹን ወደ ውስጥ ይስባቸዋል። ከመሃል አንዱ ቀሎ ከኋላው ከባድ ከተሰለፈ ቀላሉ ወደ ኩርባው ውስጥ ይወድቃል። ሲገፋ ደግሞ ወደ ላይ ይነሳል። የአሜሪካ ሞዴል ባቡር ሠሪዎች ማኅበር፣ ኤንኤምአርኤ የሚባለው፣ ለኤን ልክ የሚመክረው ቀመር አለ። ወደ ግራም ሲመለስ መነሻው 14 ግራም ገደማ ነው፤ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ርዝመት 1.7 ግራም ይጨመራል። 76 ሚሊው ፉርጎ 27 ግራም፣ 95 ሚሊው 30 ግራም ይደርሳል ማለት ነው።

ዝግ ፉርጎዎቹ ከሞላ ጎደል እዚያው ናቸው። ክፍቶቹ ይጎድላቸዋል። ዝርግ የኮንቴይነር ፉርጎዎቹ ግን ግማሹን እንኳ አይሞሉም፤ አካላቸው ስስ ነው፣ ክብደት የሚደበቅበት ቦታም የላቸውም። አንጥረኛው ቁጥሩን ሲያነቡ ራሳቸው «ይቺ ነፋስ ናት» አሉ።

እኔ ቁጥሩን እንደ ሃይማኖት አልይዘውም። የሚበልጠው ነገር በአንድ ባቡር ውስጥ ያሉት ሁሉ ተቀራራቢ መሆናቸው ነው። ሁሉም በሦስት ግራም ቢጎድሉ ይሄዳሉ። አንዱ ሞልቶ አንዱ ባዶ ሲሆን ነው የሚፋጁት። ከልክ በላይ ማክበድም ዋጋ አለው፤ ጎታቹ ዳገት ላይ የሚጎትተው ቁጥር ይቀንሳል።

ከወርቅ ቤቱ ወደ ጎሚስታ። የጎማ ባላንስ ማድረጊያ አሮጌ እርሳስ ይጥላሉ። ልጆቹ አንድ እፍኝ ሰጡኝ፣ ብርም አልተቀበሉኝም። ማግኔት ይዤ ነበር የሄድኩት፤ አሁን አሁን ከባላንሶቹ ብዙው ብረት ነው። ማግኔት የሚይዘውን ትቼ የማይዘውን ወሰድኩ። ምክንያቱን ጋንቾው ጋ እጽፈዋለሁ። እርሳስ ነክቶ ሳይታጠቡ እንጀራ መቁረስ የለም፤ የእህቴን ልጅም ከዚህ ሥራ አግልየዋለሁ።

ታኅሣሥ፣ ጋንቾ

የጥቅሉ ትልቁ ችግር ይኸው ነው። ያልተመሳሰለ ጋንቾ ያለው ፉርጎ ለብቻው ቆሞ የሚታይ ጌጥ ነው፤ ባቡር አይሆንም።

በኤን ዓለም በብዛት የሚገጥመኝ ሁለት ዘር ነው። አንደኛው የጀርመኑ አርኖልድ ያመጣው ራፒዶ የሚባለው ትልቅ ባለ አራት ማዕዘን መንጠቆ ነው። ጠንካራ ነው፣ አይላቀቅም፣ ግን እውነተኛ ባቡር ላይ የለም፤ በሁለት ፉርጎ መሃል የሚተወው ክፍተትም ሰፊ ነው። ሁለተኛው እውነተኛውን የሚመስለው የጣት ጋንቾ ነው። መነሻው አሜሪካዊው ጃኒ እ.ኤ.አ. በ1873 ፓተንት ያወጣበት ነው። የቻይና የጭነት ፉርጎዎች የሚያያዙበት ጋንቾም ከዚሁ ዘር ነው። ስለዚህ የአዲሱን መስመር ስሜት ለሚፈልግ ሰው ምርጫው ግልጽ ነው። ማይክሮ ትሬንስ የተባለው አምራች የሚሠራው ከሐዲዱ ሥር በተቀመጠ ማግኔት ሳይነካ ይላቀቃል። ራፒዶ የያዙትን ሁሉ እነቅላለሁ።

እዚህ ላይ ነው የማግኔቱ ነገር የሚመጣው። ፉርጎው የብረት አክስል ወይም የብረት ክብደት ካለው ሐዲዱ ሥር ያለው ማግኔት ይስበዋል። ቆሞ የነበረ ፉርጎ ማንም ሳይነካው ሸርተት ይላል፤ ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያማትባል። እርሳስ በማግኔት አይያዝም። ከጎሚስታ ስመርጥ የነበረው ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ጋንቾው የት ይሰካ የሚለው ነው። ቦጊው ላይ ከሆነ ከቦጊው ጋር ይዞራል፤ ለጠባብ ኩርባ ይመቻል። ባቡሩ ወደ ኋላ ሲገፋ ግን ግፊቱ ቦጊውን ወደ ጎን ያጣምመዋል። አካሉ ላይ ከሆነ ግፊቱ በአካሉ በኩል ያልፋል። የኔ ማራገፊያ መግፋት የሚበዛበት ነው። ፉርጎዎቼም አጫጭር ናቸው። ስለዚህ አካል ላይ። ረጅም ፉርጎ በጠባብ ኩርባ የሚያስኬድ ሰው ግን ይህን አይቅዳ፤ እሱ ቦጊው ላይ ይተወው።

ከፍታውን ሁሉ በአንድ መለኪያ አስተካከልኩ። ከጋንቾው ሥር የተንጠለጠለችው ቀጭን ሽቦ ዝቅ ካለች ማጠፊያው ላይ ትያዛለች። በወረንጦ ትንሽ ቀና ማድረግ ነው። ስለ ቦጊ ብሎንም አንድ ነገር፦ አንዱን ቦጊ ግራ ቀኝ ብቻ እንዲዞር ጠበቅ፣ ሌላውን በሁሉም አቅጣጫ እንዲወዛወዝ ላላ ማድረግ። ሁለቱም ከጠበቁ አንድ ጎማ አየር ላይ ይቀራል፤ ሁለቱም ከላሉ ፉርጎው ይንገዳገዳል። ካቻቢቴዋ የሰዓት ሠሪ መሆን አለባት።

ከገና በኋላ

የዝርጎቹ ነገር መፍትሔ አገኘ። እርሳሱን ፉርጎው ላይ ሳይሆን ኮንቴይነሩ ውስጥ ከተትኩት። ቀጥቅጬ ሳሳሁት፣ ቆርጬ ወለሉ ላይ በሱፐር ግሉ አጣበቅሁት፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ፉርጎው ይረጋል። ከፉርጎው ሥርም በመሃል ምሰሶው ግራና ቀኝ ቀጭን ቁራጭ ገብቷል። ኮንቴይነር የጫነው አሁን ልኩን ይመዝናል። ባዶውን ግን ለማክበድ አልታገልም፤ ከኋላ ጫፍ ይሰለፋል። እውነተኛ ባቡር የሚያሰልፉ ሰዎችም ቀላሉን ከከባዱ ፊት ማሰለፍ አይወዱም።

ዛሬ የመግፋት ፈተና ተደረገ። ሙሉውን ባቡር በኩርባውና በሁለቱ ማጠፊያዎች ወደ ኋላ መግፋት ነው። ወደ ፊት መሄድ ማንም ያልፋል። ከጥቅሉ የመጡት ሁለት ፉርጎዎች ጎማ ከተቀየረላቸው፣ ክብደት ከተጨመረላቸውም በኋላ እዚያው ማጠፊያ ላይ ይወጣሉ። አንዱን ስመለከተው አካሉ ራሱ ተጣሟል፤ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ሲቀመጥ አንድ ጥግ ይነሳል። ሁለቱም ተሰናበቱ። ለእህቴ ልጅ የተበላሸ ባቡር ትዕይንት ይሆኑታል፤ ሜዳው ላይ ጎን ለጎን አጋድሞ ክሬን ሊሠራላቸው ነው።

ዋጋውን ሳሰላው የረከሰው ጥቅል አልረከሰም። ጎማ፣ ጋንቾ፣ የኔ ማታዎች ሲደመሩ ከአዲሱ እኩል ደርሰዋል። ከአሁን በኋላ በዓመት ጥቂት፣ ግን ከሳጥኑ ወጥቶ የሚሄድ ፉርጎ ነው የምገዛው። በዚህ ላይ የሚከራከረኝ ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። መጠገን ራሱ ደስ የሚለው ሰው ጥቅሉን ይግዛ፤ እኔ የምፈልገው ባቡሩ ሲገፋ ማየት ነው።

የጥምቀት ማግስት

እንግዳ በዝቶ ነበር፣ ሥራው ቀላል ቀላሉ ብቻ።

ለክፍቶቹ ፉርጎዎች ጭነት። የመጀመሪያ ሐሳቤ ጤፍ ነበር። የጤፍ ፍሬ አንድ ሚሊ ያህላል፤ በ160 ሲባዛ 16 ሳንቲም ነው። ለጥርብ ያልደረሰ ድንጋይ ይመስላል፣ ቀይ ጤፍ ደግሞ መልኩም ይሄዳል። እናቴ ሰምታ «እህል መጫወቻ አይደለም» አለች፤ ተዘጋ። አይጥም አለ። በወንፊት የተነፋ የወንዝ አሸዋ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በውሃ በቀጠነ ኮላ ተጣብቆ ተጫነ። ከሥሩ የስፖንጅ ቁራጭ አለ፣ ጭነቱ ተነሥቶ ባዶ እንዲሆን። አሸዋው ራሱ ክፍቶቹን ወደ ልካቸው አቀረባቸው፤ እርሳስ ብዙም አልፈለጉም።

ቀለሙን አደበዘዝኩት። አዲስ የሚያብረቀርቅ ፉርጎ የሱቅ ዕቃ ይመስላል። ቡናማ ፓስቴል ፈጭቶ በለስላሳ ብሩሽ ከታች በኩል፣ ጎማው አካባቢ ጠቆር ያለ። ጽሑፉ ላይ አልደርስም፤ ጥሩ ሠሪ ያሳተመው ጽሑፍ በአጉሊ መነጽር ይነበባል፣ እሱን መሸፈን ግፍ ነው።

የካቲት

ለአክስቴ ልጅ የሚላከው ዝርዝር ይኸው። ዘንድሮ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው የምፈልገው። አንደኛ፣ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር የሚይዝ አጭር ዝርግ ፉርጎ፣ 1 ለ160፣ የብረት ጎማ፣ ጋንቾው አካሉ ላይ። ሁለተኛ፣ ከላይ የሚሞላ ከታች የሚራገፍ ዝግ የእህል ፉርጎ፤ ሰሊጡና ኑጉ በዚህ ነው የሚወጣው። የዚህ ዓይነቱ ረጃጅሙ ስለሚበዛ ሻጩን ርዝመቱን በሚሊ ሜትር ይጠይቅልኝ፤ ከ95 በላይ ከሆነ ይተወው። የሆዱን ፎቶ ሳያይ እንዳይከፍል ብዬዋለሁ። ሻጩ የላይኛውን ብቻ ከላከ ወደ ሌላ ሻጭ ይሂድ።

የነዳጅ ቦቴ ፉርጎ የእህቴ ልጅ ጥያቄ ነው። ክብ ስለሆነ ክብደት የሚገባው ከመገጣጠሙ በፊት ነው፤ ስለዚህ ተገጣጥሞ ያላለቀ ኪት ከተገኘ ብቻ ይምጣ። አልጋ ሥር ያለው ግማሽ ችፑድ ሲወጣ፣ ያኔ ኩርባውን ወደ 282 አሰፋውና ስለ ረጃጅሞቹ እንደገና እናወራለን።